ሦስት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

በኩዌት ከተማ ዳርቻ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው የቀለበት መንገድ መካከል፣ ጃብሪያ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ሰፈር አንዲት የወሎ ልጅ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። ከደሴ ስትነሳ እናቷ አንድ ምክርና አንድ ሰዓት ሰጥተዋታል። ምክሩ "እሺ ይበልጣል ከሺ፤ ሰው አገር ነሽና ያዘዙሽን ሁሉ እሺ በይ" የሚል ነበር። ሰዓቱ ደግሞ የሟች አባቷ የእጅ ሰዓት ነው። ቡናማው የቆዳ ማሰሪያ ለቀጭን አንጓዋ ቢሰፋ፣ እናቷ ወስፌ አግለው አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ በስተውለታል።

ሰዓቱ እንደ አገሩ ይቆጥራል። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ስትቆይ አንድ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ስድስት፤ ሲመሽ አሥራ ሁለት። ልጅቷ ኩዌት ከገባች በኋላም አልነካችውም። ለምን ትነካዋለች? ኢትዮጵያና ኩዌት በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ እዚህ ቀትር ሲሆን እዚያም ቀትር ነው። አንጓዋን ባየች ቁጥር ቤቷን ታያለች። ሁለት ሰዓት ሲል እናቷ ቡና እየቆሉ ነው፤ አሥራ አንድ ሲል ከብት እየገባ ነው።

በአራት ወር ውስጥ ጥቂት የኩዌት ቃላት ለቅማለች። "አል-ሒን" ማለት አሁን፣ "ባቸር" ማለት ነገ፣ "ዘይን" ማለት ጥሩ፣ "ሓዲር" ማለት እሺ። ቁጥሩን ከልጅነቷ ጀምሮ ቁርአን ቤት ስለተማረችው አልቸገራትም። ከሁሉም ቃል ግን የምትተማመነው በ"ሓዲር" ነበር። ሓዲር ስትል የተቆጣ ፊት ይፈታል፣ የጋለ ድምፅ ይበርዳል፣ ያዘዘው ሰው ዞሮ ይሄዳል። የእናቷ ምክር በዐረብኛም እንደሚሠራ አየች።

ቤቱ የሚተዳደረው በአዛን ነበር። "ከዙህር በኋላ ልብሱን ስቀዪ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ሻይ አቅርቢ፤ መግሪብ ሳይደርስ ግቢውን እጠቢ" ትላታለች የቤቱ እመቤት። ልጅቷም ሰጋጅ ናትና አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ባትሪው አልቆ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እመቤቲቱ "ባትሪውን ባቸር አመጣለሁ" እንዳለች ነው፤ ማንም ስላልቸገረው ማንም አላስታወሳትም።

በቤቱ ውስጥ የእመቤቲቱ እናት አሉ። ሁሉም ሐጂያ ይላቸዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ስኳርም አለባቸው። መድኃኒታቸውን በየቀኑ የምትሰጣቸው ልጃቸው ራሷ ናት። ከምሳ በኋላ ለስኳሩ ቢጫዋ ክኒን፣ ማታ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ነጯ ክኒን።

አንድ ቀን እመቤቲቱ የእህቷን ልጅ ልትድር ከባሏ ጋር ጀህራ ልትሄድ ሆነ። ቀትር ላይ ነው። የወርቅ አምባሯን እያጠለቀች ወጥ ቤት ገባችና ሁለቱን ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

"ለሐጂያ ቢጫዋን በሦስት ሰዓት፣ ነጯን በዘጠኝ ሰዓት ትሰጫቸዋለሽ። ሰማሽ?"

"ሓዲር፣ ማዳም።"

እመቤቲቱ ዞራ ሄደች።

ልጅቷ ሩዙን እያጠበች አሰበች። ሦስትና ዘጠኝ። አንጓዋን አየች፤ ስድስት ሰዓት ነው። ከስድስት በኋላ ቀድሞ የሚመጣው ዘጠኝ ነው። ሦስት የሚሆነውማ ማታ፣ ራት ተበልቶ ዕቃ ሲታጠብ ነው። ታዲያ ማዳም ለምን ሦስትን ቀድማ ጠራች? እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ውጭ ሮጠች። መኪናው ተነሥቷል። እመቤቲቱ ስልክ እያወራች ነው። ልጅቷ እጇን የግቢው በር ላይ አሳረፈች። ትናንት ማታ የትኛውን ድስት እንደምትጥድ ሁለቴ ስትጠይቅ የሰማችው ቃል ጆሮዋ ላይ መጣ፤ "ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ጆሮ የለሽም?" እጇን ከበሩ አነሳች። መኪናው ወጣ፤ በሩም ተዘጋ።

የእጇ ሰዓት ዘጠኝ ሲል ነጯን ክኒን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ለሐጂያ ሰጠቻቸው። እርሳቸውም "አላህ ያክብርሽ" ብለው ዋጡ። ቢጫዋን ለሦስት ሰዓት ብላ በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ አኖረቻት።

ሐጂያ ተኙ። ልጅቷ ደክሟቸው ነው ብላ ድምፅ እንዳታሰማባቸው በሩን ገርበብ አደረገች። የመግሪብ አዛን ሲሰማ አሮጊቷ ደንግጠው ተነሡ፤ ውዱእ ሊያደርጉ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። እግራቸው አልታዘዛቸውም። ኮሪደሩ ላይ ወደቁ።

ልጅቷ ጮኸች። የቤቱ ሹፌር ደርሶ ሁለቱ ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቧቸው። እዚያው ጃብሪያ ወዳለው ሙባረክ አል-ከቢር ሆስፒታል ወሰዷቸው። ሐኪሞቹ ግንባራቸውን ሰፉ፣ አንጓቸውን አሰሩ፣ ስኳራቸው ከፍ ብሏልና መድኃኒት ሰጧቸው። ሕይወታቸው ተረፈ።

እመቤቲቱ ከሠርጉ ከነጌጧ መጣች። ልጅቷ ኮሪደር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

"ቢጫዋን በሦስት ሰዓት ስጪያቸው አላልኩሽም?"

"ብለውኛል።"

"ታዲያ ለምን አልሰጠሽም?"

ልጅቷ ሶፍቱን ከኪሷ አወጣች። ቢጫዋ ክኒን ውስጡ ናት። "ማዳም፣ ሦስት ሰዓት እኮ ገና አልደረሰም።"

እመቤቲቱ ልጅቷ ያፌዘችባት መሰላት። እጇን ወደ ሆስፒታሉ የግድግዳ ሰዓት ዘረጋች፤ ከምሽቱ ስምንት ይላል። "ወይ ዕብድ ነሽ ወይ ውሸታም ነሽ። ነገውኑ ወደ አገርሽ!" አለቻት።

በዚህ መካከል የእመቤቲቱ የበኩር ልጅ ደረሰ። በኩዌት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ተቆጣጣሪ ነው፤ መታወቂያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሥራው በቀጥታ መምጣቱ ነው። አያቱን አይቶ፣ ሐኪሙን ጠይቆ፣ ወደ ሁለቱ ሴቶች ተመለሰ። የእናቱን ሰማ። የልጅቷንም ሰማ። ከዚያ "ሰዓትሽን አሳዪኝ" አላት።

ልጅቷ አንጓዋን ዘረጋች። እሱም ክንዷን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ብሎ የግድግዳውን አየ። የሁለቱም የደቂቃ ዘንግ አንድ ቦታ ላይ ነው። የሰዓት ዘንጎቹ ግን ፊት ለፊት ተቃርነው ቆመዋል። ግድግዳው ስምንት ይላል፤ የልጅቷ ሁለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

"እናቴ፣" አለ በመጨረሻ፣ "አንቺም እውነትሽን ነው፤ እሷም እውነቷን ነው። በሁለት እውነት መካከል የወደቀችው አያቴ ናት።"

ከዚያ በአገሯ ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር ልጅቷን ጠየቃት፤ ነገረችው። ለእናቱም አስረዳት። እመቤቲቱ ግን አልረካችም። "እሺ አላለችኝም? ሓዲር ብላኛለች እኮ!"

"ሓዲር ስትልሽ ምን እንደሰማች ጠየቅሻት?"

"ለምን እጠይቃታለሁ? ሰምታኛለች።"

"ቃሉንማ ሰምታለች። ሦስት ብለሻል፤ ሦስት ሰምታለች።" አጠገቧ ተቀመጠ። "እኛ ዘንድ አብራሪ እሺ ብሎ አይሄድም። ወደ አራት ሺህ ጫማ ውረድ ብዬ ካዘዝኩት፣ 'ወደ አራት ሺህ ጫማ እወርዳለሁ' ብሎ ከነበረራ ቁጥሩ ይደግምልኛል። የኔም ሥራ ተናግሬ አያልቅም። የደገመውን ማዳመጥ አለብኝ። አምስት ሺህ ብሎ ቢመልስና እኔ ዝም ብል ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፤ የኔም ነው። ሰዓታችንም አንድ ነው። አብራሪው ከቶኪዮም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ሁላችንም የምናየው አንድ ሰዓት ነው። አሁን ይሄ ግድግዳ ስምንት ሲል፣ የሷ እጅ ሁለት ሲል፣ የኔ ሥራ ቦታ ሰዓት 17 ይላል። እኔ ስምንት፣ አብራሪው ሁለት ብንል ኖሮ በየቀኑ ሰው እንቀብር ነበር።"

ቀጥሎ ወደ ልጅቷ ዞረ። "ዘጠኝ ከሦስት ሲቀድምብሽ አልተጠራጠርሽም?"

"ተጠራጥሬ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?"

ልጅቷ አልመለሰችም። መሬት መሬት አየች። መልሱ የመጣው ከእመቤቲቱ ፊት ነው። ትናንት ማታ የተናገረችው ትዝ አላትና ቀላች፤ አምባሮቿን አንድ በአንድ እያወለቀች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በዚያ ቤት ሁለት ሕግ ተተከለ። የታዘዘ ሰው የታዘዘውን በራሱ አንደበት ይደግማል። ያዘዘ ሰው ደግሞ ድግሙን ሳይሰማ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሐጂያ ከሆስፒታል ሲወጡ ይህንን ነገሯቸው። እርሳቸውም "ቀድሞስ አዛኑ ለሁላችን አንድ አልነበረም? ከዐስር ሶላት በኋላ ብትሏት ምን ነበረበት?" አሉ።

ወር አለፈ። እመቤቲቱ ወደ ሙባረኪያ ገበያ ልትወጣ ቸኩላለች። በሩን ይዛ "ነጯን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ቢጫዋን ከዒሻ በኋላ" አለች።

ልጅቷ ሓዲር አላለችም። "ነጯን፣ የእንቅልፏን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፤ ቢጫዋን፣ የስኳሯን፣ ከዒሻ በኋላ" ብላ ደገመች።

እመቤቲቱ የበሩን እጀታ ለቀቀች። የራሷን ስህተት በሌላ ሰው አፍ ሰማችው።

"አይደለም፤ ተሳሳትኩ። ቢጫዋን ከዐስር በኋላ፣ ነጯን ከዒሻ በኋላ።"

"ቢጫዋን ከዐስር በኋላ፣ ነጯን ከዒሻ በኋላ።"

"ልክ ነው" አለች እመቤቲቱ። ከዚያ ሄደች።

ምሳሌው ይኸው ነው። ፍቺውን ላሳጥረው።

የኛ "እሺ" ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ሰማሁ ማለት ይሆናል። ገባኝ ማለት ይሆናል። አደርገዋለሁ ማለትም ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ከሦስቱ አንዱም ሳይሆን "ብቻ አትቆጡኝ" ማለት ነው። የሚናገረው ሰው አንዱን አስቦ ይናገራል፤ የሚሰማው ሰው የሚፈልገውን መርጦ ይወስዳል። ሁለቱም ተስማምተው ይለያያሉ፤ የተስማሙበት ነገር ግን የለም።

የአየር በረራ ሰዎች ይህንን ሸክም ከፋፍለው ለየብቻ ቃል ሰጥተውታል። "ሮጀር" ማለት የላክኸው መልእክት ሙሉ በሙሉ ደርሶኛል ማለት ነው፤ አዎ ማለት አይደለም፣ አደርጋለሁ ማለትም አይደለም። "ዊልኮ" ማለት ገብቶኛል፣ እፈጽማለሁ ማለት ነው። ያልሰማ "ሴይ አጌን" ይላል፤ ይህን በማለቱ ማንም አይንቀውም። ከባዱን ትእዛዝ፣ ማለትም ከፍታን፣ አቅጣጫን፣ መንደርደሪያን፣ የመነሻና የማረፊያ ፈቃድን የሚመለከተውን፣ አብራሪው ቃል በቃል መድገም አለበት። ይህ ሪድባክ ይባላል። በእንግሊዝኛ ዘጠኝን "ናይነር" የሚሉት ከአምስት ጋር በሬዲዮ እንዳይመሳሰል ነው። ሰዓቱም ለሁሉም አንድ ነው፤ ዙሉ የሚሉት የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት። ከቦሌ ተነስቶ ኩዌት ለሚያርፍ አውሮፕላን በሁለቱም ጫፍ ያለው የአገር ሰዓት እኩል ቢሆንም፣ አብራሪውና ተቆጣጣሪው የሚነጋገሩት በዙሉ ነው።

ይህ ሥርዓት የተገዛው በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፍ ላይ፣ በጉም በተሸፈነ አንድ መንደርደሪያ ሁለት ቦይንግ 747 ነበሩ። የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም ጫፍ ላይ ቆሞ ለመነሳት ይጠብቃል፤ የአሜሪካው ፓን አም እዚያው መንደርደሪያ ላይ እያዘገመ ነው። የኬኤልኤም ረዳት አብራሪ የተሰጠውን የጉዞ መስመር ደገመና መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ። ዓረፍተ ነገሩ "እየተነሳን ነው" ማለትም ይሆናል፤ "ለመነሳት ተዘጋጅተን ቆመናል" ማለትም ይሆናል። ተቆጣጣሪው ቆመዋል ብሎ ወሰደው። የመለሰውም የመጀመሪያ ቃል "ኦኬ" ነበር፤ የኛው እሺ። ቀጥሎ ቆይ፣ እጠራሃለሁ አለ፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ፓን አም ገና መንደርደሪያው ላይ ነን ብሎ ተናገረና ሁለቱ ድምፆች ሬዲዮው ላይ ተጋጭተው ፉጨት ሆኑ። ኬኤልኤም በግልጽ የሰማው ኦኬን ብቻ ነው። አውሮፕላኑም ቀድሞ መሮጥ ጀምሯል።

በኬኤልኤም ኮክፒት፣ ማለትም በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ፣ አንድ የተጠራጠረ ሰው ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ፓን አም ከመንደርደሪያው አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ በኩባንያው እጅግ የተከበረ የ747 አሠልጣኝ ነው፤ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰ። መሐንዲሱ ሁለተኛ አልጠየቀም። የዚያች ልጅ እጅ ከግቢው በር ላይ እንደተነሳ ሁሉ፣ የሱም ጥያቄ እዚያው ወደቀ። 583 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ "ቴክ ኦፍ"፣ ማለትም መነሳት፣ የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ እንዳይነሳ ተደነገገ።

የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990 ኒውዮርክ ለማረፍ ሰማይ ላይ ተራ ሲጠብቅ ቆይቶ በመጨረሻ ነዳጁ አለቀ። ዋናው አብራሪ አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው ይላል፤ ረዳቱ ግን ቅድሚያ ስጡን፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ ተናገረ እንጂ "ኢመርጀንሲ" የሚለውን ቃል ለተቆጣጣሪዎቹ አላሰማም። ለተቆጣጣሪው "ቅድሚያ" እና "አደጋ" ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ቦይንግ 707ቱ ሎንግ አይላንድ ላይ ወድቆ ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ። ጭንቀቱን በትሕትና ሸፍኖ የተናገረ ሰው ጭንቀቱ አይሰማለትም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1996 ከዴልሂ የተነሳ የሳዑዲ አውሮፕላንና ሊያርፍ የሚመጣ የካዛኪስታን አውሮፕላን ቻርኪ ዳድሪ በተባለ ቦታ አየር ላይ ተጋጩ። የካዛኪስታኑ ከተፈቀደለት 15 ሺህ ጫማ በታች ወርዶ ነበር፤ የሠራተኞቹ የእንግሊዝኛ ድክመትም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ከ349ኙ አንድም ሰው አልተረፈም። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እንደኛ ልጆች ሁሉ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚጓዙ ሰዎች ነበሩ። ከነዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ በዓለም አቀፍ በረራ የሚነጋገሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ከስድስቱ የቋንቋ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛው ላይ እንዲደርሱ ደነገገ።

እንግዲህ አስቡት። የዓመታት ሥልጠና ያላቸው፣ አንድ ሙያ የሚጋሩ፣ በአንድ ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች "ኦኬ" መካከላቸው ሲገባ እንዲህ ከሆነ፣ የአራት ወር ዐረብኛ ይዛ ሽማግሌ የምትጦር፣ ሕፃን የምታጥብ፣ እሳት የምታነድ ልጅ በ"እሺ" ብቻ ምን ልትሆን ነው?

የቋንቋ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ሁላችንም የምንለው ነው። በምሳሌው ውስጥ ግን ልጅቷ ቃሉን አውቃዋለች። ሦስትን በዐረብኛ ሦስት ብላ ሰምታለች። ያሳሳታት የምታውቀው ቃል ነው፤ የምታውቀውን ቃል ደግሞ ማንም መዝገበ ቃላት ገልጦ አያይም። ይህን ጉድጓድ የሚያሳየው ድግም ብቻ ነው። "ማታ ራት ከተበላ በኋላ፣ በሦስት ሰዓት?" ብላ ብትመልስ ኖሮ ነገሩ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ያልቅ ነበር። ድግሙ ለታዛዥ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ያዘዘውም የራሱን ስህተት የሚሰማበት ጆሮ ነው።

ግን ደጋሚ ብቻውን ቤት አያድንም። ድግም የሚኖረው የሚያዳምጥ ሲኖር ነው። የበረራ ተቆጣጣሪው ልጅ በሆስፒታሉ ኮሪደር አስቀድሞ የጠየቀው እናቱን መሆኑን ልብ በሉ። ሥልጣን ያለው እሷ ዘንድ ነው፤ ሰው ለመጠየቅ እንዲፈራም እንዲደፍርም የማድረግ ኃይል ያለው እሷ ዘንድ ነው። "አልገባኝም" ማለት በሚያስቀጣበት ቤት፣ ቢሮም ይሁን ኮክፒት፣ ሁሉም ሰው እሺ ይላል፤ አደጋውም በእሺዎቹ መካከል ተደላድሎ ይቀመጣል።

"እሺ ይበልጣል ከሺ" ያሉት አባቶቻችን አልተሳሳቱም። እነሱው ራሳቸው "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ብለዋል። እሺ ከሺ የሚበልጠው ከጥያቄ በኋላ ሲመጣ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚሄዱ እህቶቻችንን የምታሠለጥኑ፣ ከምድጃውና ከልብስ ማጠቢያው ትምህርት ጋር ይህንን ጨምሩላቸው፤ የሰው አገር ሦስት ሰዓት የኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን፣ ትእዛዝንም መድገም ድፍረት አለመሆኑን። እናቶች፣ ልጃችሁን ስትሸኙ "እሺ በይ" ካላችኋት በኋላ "ካልገባሽ ጠይቂ" በሏት።

አንቺም እህቴ፣ እሺ ከማለትሽ በፊት የሰማሽውን ድገሚው። እርስዎም ያዘዙት፣ ድግሙን ሳይሰሙ ከበሩ አይውጡ።